ምዕራፍ 6፦ ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ የመኪናን ጤና ሳይደብቅ ያወጣል። ድልድዩ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ደጀን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። መኪናው በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ያውም በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ በቆላ ሙቀት። በየኩርባው ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖችና ጀሪካን ይዘው ውሃ የሚፈልጉ ረዳቶች በዚህ መንገድ ብርቅ አይደሉም።

ምን እየሆነ እንዳለ በቁጥር እንየው። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና ይህን ዳገት ሲወጣ ራሱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 20 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጅ ያገኘውን ኃይል በግምት ለሦስት ያካፍለዋል። አንድ ሦስተኛው መኪናውን ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ሦስተኛው በማርሚታ ወጥቶ ይሄዳል፣ የቀረው አንድ ሦስተኛ ደግሞ በውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይደርሳል። እንግዲህ ዳገቱን ለመውጣት የዋለውን ጉልበት የሚያህል ሙቀት ራዲያተሩም ወደ አየር መጣል አለበት ማለት ነው። ያ ሙቀት 70 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በሞተሩና በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን በአነስተኛ መኪኖች ከ5 እስከ 7 ሊትር ቢሆን ነው።

ይህ ጥቂት ውሃ የማይፈላው ከሞተሩ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያው ለአየር ስለሚያስረክብ ነው። «ሞተር ሞቀ» ማለት ይህ ርክክብ አንድ ቦታ ላይ ተሰናከለ ማለት ብቻ ነው። የትኛው ቦታ ላይ እንደተሰናከለ ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ አይነግረንም። የሚነግረን ሙቀቱ የሚመጣበት ሰዓትና ሁኔታ ነው። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት የሚጠየቀው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ነው።

በብዙ ጋራዦች ግን ይህ ጥያቄ ይዘለላል። መጀመሪያ ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠባል። አልሆነም ሲባል ቴርሞስታቱ ይወጣል። ከዚያ የውሃ ፓምፕ ይገዛል። ባለመኪናው ሦስት ጊዜ ከፍሎ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ አንዲት የፋን ሪሌ ሆና ትገኛለች። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ አንባቢው ጋራዥ ሲገባ ገምቶ ሳይሆን አውቆ እንዲገባ ማድረግ ነው።

ውሃው የሚዞርበት መንገድ

በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቀጣጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፒስቶኑና ቴስታታው የሚሠሩበት አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የቆመው የሞተሩን ግድግዳ እየታከከ የሚያልፈው ውሃ ነው።

የውሃ ፓምፑ በአብዛኛው በቺንጋ እየተሽከረከረ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ፣ ከዚያም በቴስታታው ውስጥ ይገፋዋል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ ዝግ ስለሆነ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአጭሩ መንገድ ይዞራል። ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ (በአንዳንድ ሞተሮች 88) በቴርሞስታቱ ሆድ ውስጥ ያለው ሰም ቀልጦ ያብጥና በሩን ይገፋል። ያን ጊዜ ትኩሱ ውሃ በላይኛው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለነፋሱ ያስረክባል፣ በታችኛው ማኒኮቶም ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

በቀጫጭን ቱቦዎች መከፋፈሉ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ውሃ እያፈሉ፣ በየመንገዱ እየተሞላላቸው ነበር የሚሄዱት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባኽ ለ1901ዱ መርሴዲስ ራዲያተር ሲሠራ ከ8,000 በላይ ትናንሽ ቱቦዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ አየር የሚነካው ገጽ እጅግ እንዲሰፋ አደረገ። ከኋላውም ፋን አቆመ። ዛሬ ኮሮላም ሆነ አይሱዙ የሚቀዘቅዘው በዚያው ሐሳብ ነው፤ ብዙ ገጽ፣ ብዙ ነፋስ።

ራዲያተር የሌላት ቮልስዋገንም ከዚህ ሕግ አታመልጥም። የድሮዋ ቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በፋን በሚነፋ አየር ሲሆን ፋኑ የሚዞረው ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ቺንጋ ነው። የባትሪው ቀይ መብራት ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና የቮልስ ሹፌር ወዲያው ይቆማል። ፓምፑ በዚያው የዲናሞ ቺንጋ በሚዞርበት መኪና ሁሉ ይህ ትምህርት ይሠራል። የባትሪ መብራት በርቶ ሙቀት ከጨመረ ቺንጋው ሄዷል፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ልቀጥል ማለት ሞተሩን መጨረስ ነው።

ከፍታና ክዳን

በባሕር ወለል ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ደግሞ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። የራዲያተሩ ክዳን ባይኖር ኖሮ በደጋው አገራችን አብዛኛው መኪና ምንም ሳይበላሽ ያፈላ ነበር።

ክዳኑ ውሃውን አምቆ ግፊት ይፈጥራል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ከውጭው አየር ግፊት በላይ ስንት ባር ሲደርስ እንደሚከፈት ይናገራል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን በባሕር ወለል ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 119 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። የላስቲኩ ከንፈር ደርቆ የተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናው ዳገት ላይ ያፈላል።

ክዳኑ ሁለተኛ ሥራም አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ስለሚኮማተር ከስሩ ያለችው ትንሽ በር ተከፍታ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ መልሳ ትስባለች። መኪናው አድሮ ጠዋት ላይ የላይኛው ማኒኮቶ ተጨማድዶ ከተገኘ ወይም መጠባበቂያው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ ይህች በር አልሠራችም ማለት ነው። ስለዚህ ከርካሹና ከቀላሉ ዕቃ መጀመር ይገባል። ክዳን ሲገዛም ቁጥሩ ከአሮጌው ሳይሆን ለሞተሩ ከተወሰነው ጋር መመሳሰል አለበት፤ አሮጌውንም ሌላ ሰው ተሳስቶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል።

መቼ ነው የሚሞቀው?

*ቆሞ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲከፈት ሲበርድ።* መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል። ሲቆም ግን ነፋስ የሚያመጣው ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሙቀት የሚጠቁመው ፋኑን ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ላይ ኤሲውን ማብራት ፈጣን ምርመራ ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑ መዞር አለበት። በኤሲ ዞሮ በሙቀት ግን ካልዞረ የፋኑ ሞተርና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ሴንሰሩ ይዞራል። በሁለቱም ካልዞረ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ከዚያም የፋኑ ሞተር በዚሁ ቅደም ተከተል ይታያሉ። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ የፋኑ የሙቀት ስዊች ሶኬት ሲነቀል ፋኑ ይነሣል፤ ከተነሣ የቀረው ሥራ ስዊቹን መቀየር ነው።

ፋኑ እየዞረም ላይጠቅም ይችላል። ሽቦው ተገልብጦ ከተገጠመ ነፋሱን ወደፊት ይገፋል። ይህን ለመለየት ከራዲያተሩ ፊት ቀለል ያለ ወረቀት ማስጠጋት ነው፤ ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ አለበት። በሃይሉክስ፣ በላንድ ክሩዘርና በመሳሰሉት ላይ ፋኑ በቺንጋ ይዞራል፤ መሐሉ ላይ ያለው የዘይት ፍሪሲዮን ሲሞቅ ይጠነክራል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍቶ ፋኑን በእጅ ሲገፉት እምቢ ማለት አለበት። ያለ ችግር ብዙ ጊዜ ከተሽከረከረ ፍሪሲዮኑ ደክሟል። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የሚጠቀጠቀውን አቧራ፣ ገለባና ነፍሳትም መርሳት አይገባም። ከፊት ለፊት ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር ጀርባው ታፍኖ ሊገኝ ይችላል።

*በዳገትና በፍጥነት ሲሞቅ፣ ቆሞ ሲበርድ።* እዚህ ነፋስ አልጠፋም፤ የጠፋው የውሃው ዝውውር ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቱቦዎቹ በዝገትና በኖራ የተደፈኑ ራዲያተር ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይጥፋና የራዲያተሩ ፊት በጥንቃቄ በእጅ ወይም በሙቀት መለኪያ መሣሪያ ይዳሰስ። ውሃው ከገባበት ወደሚወጣበት ሙቀቱ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሐል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ የሆነ ክፍል ካለ ውሃ በዚያ አያልፍም።

ቀጥሎ የታችኛው ማኒኮቶ ይታይ። ፓምፑ የሚስበው በእሱ በኩል ስለሆነ ላስቲኩ ከላላ ነዳጅ ሲሰጥ ተጣብቆ ውሃውን ያንቃል። ይህን ለማየት አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ ሌላው ማኒኮቶውን መመልከት ነው። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ፓምፑ ነው። ለዓመታት ተራ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ፓምፕ ክንፎቹ በዝገት ተበልተው ከውጭ ምንም ሳያንጠባጥብ ከውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

*ከተነሣ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላው ሲሞቅ።* ሞተሩ ገና ሥራ ሳይጀምር መርፌው ከወጣ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት፣ በውስጥ የታሰረ አየር ወይም የጎደለ ውሃ ይጠረጠራል። መርፌው ቀዩን ሲነካ አንዱ ማኒኮቶ የሚፋጅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። በቅርቡ ውሃ የተቀየረለት መኪና ከሆነ ደግሞ አየሩን ማውጣት ይቀድማል። መኪናው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይቁም፣ የውስጥ ማሞቂያው ወደ ትኩስ ይዙር፣ ቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ይነሣና አረፋ መውጣቱ እስኪያበቃ ውሃ ይጨመርለት።

ቴርሞስታትን ድስት ውስጥ ቀቅሎ መሞከር የቆየ ዘዴ ነው፤ ዘዴውም ጥሩ ነው። ነገር ግን በደጋ ከተሞች የሚያሳስት ነገር አለበት። 82 የሚል ቁጥር ያለው ቴርሞስታት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድስቱ ምንም ያህል ቢፍለቀለቅ ውሃው ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ በግማሽ ብቻ የተከፈተ ቴርሞስታት «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው ያለ ጥፋቱ ነው። መታየት ያለበት በቁጥሩ አካባቢ መከፈት መጀመሩና ሲቀዘቅዝ አጥብቆ መዝጋቱ ነው።

*መርፌው ወጣ ገባ ሲል፣ ወይም ከወጣ በኋላ ድንገት ሲወርድ።* ብዙ ሹፌር በዚህ ጊዜ «በረደ» ብሎ ይደሰታል። እዚህ ላይ ግን ከሁሉ የባሰ አደጋ አለ። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው፤ ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ በአየር ወይም በእንፋሎት ከተከበበ ትክክለኛውን ሙቀት አያይም። የውስጥ ማሞቂያውን ወደ ትኩስ ማዞር እውነቱን ያወጣል። ሞተሩ እየጋለ ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ውሃው የለም ወይም አይዞርም። ያን ጊዜ መቆም ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ውሃው የት ሄደ?

የማቀዝቀዣው ሥርዓት የታሸገ ነው። በየሳምንቱ ውሃ የሚጨመርለት መኪና የታመመ መኪና ነው፤ «ውሃ ይጠጣል» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ፍለጋው ከውጭ ይጀምራል። የፈሰሰ ውሃ ትኩስ ብረት ላይ ደርቆ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት መሳይ ቅርፊት ይተዋል። የማኒኮቶ ጫፎች፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የሚገናኙበት መስመር፣ በፓምፑ ሆድ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ይታዩ። ከዚያች ቀዳዳ ማንጠባጠብ ከጀመረ የፓምፑ ማሸጊያ አልቋል። ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከራሰና መስታወቱ ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ ደግሞ የሚያፈሰው የውስጥ ማሞቂያው ነው። ጥሩ ጋራዥ በክዳኑ ቦታ የሚገጠም የእጅ ግፊት መለኪያ አለው። ሞተሩ ሳይነሣ የክዳኑን ያህል ግፊት ሰጥቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ መርፌው ከወረደ ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ።

ከውጭ ምንም ሳይገኝ ውሃው ከጎደለ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። ቴስታታውና ሲሊንደሮቹ ያሉበት ብረት የሚጋጠሙት በዚህ ስስ ማሸጊያ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሞተሩ አንዴ ከመጠን በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። መጣመሙ በዓይን አይታይም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው የቴስታታ ጥመት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሆነው የላይኛው ማኒኮቶ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ግፊቱ ከሙቀት አልመጣም፤ ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ የማያቋርጥ አረፋ ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ይቀጥላል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ አንዱ በእንፋሎት ታጥቦ ከሌሎቹ ተለይቶ ይነጣል። ዘይቱ ውሃ ሲቀላቀልበት ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። የዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር መታየቱ ግን ፍርድ አይሰጥም፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይም በቀዝቃዛ ወቅት ይኖራል። የዘይት መለኪያው ብረት ራሱ ወተት ከመሰለ ነው የሚያስጨንቀው።

ቁርጡን የሚያሳውቅ ቀላል ምርመራም አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተደቅኖ ከውስጥ የሚወጣው አየር በፈሳሹ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ከማስወረድ በፊት ይህን ምርመራ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው። ቴስታታው ከወረደ ደግሞ ፊቱ ሳይለካና ቶርኖ ቤት ሄዶ ሳይስተካከል አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ይቃጠላል።

ቴርሞስታት ይውጣ የሚለው ምክር

«ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» እየተባለ ቴርሞስታት የሚወጣባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ምክሩ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱንም መረዳት ያስፈልጋል።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ብዙ ይቆያል፤ በደጋ ጠዋት ጨርሶም ላይደርስ ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ወደ ዘይቱም ይወርዳል፤ ፒስቶንና ቀለበቶቹ ቶሎ ያልቃሉ። ሙቀት የማያገኝ ዘይት ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ደግሞ ወደ ጥቁር ዝቃጭ ይለወጣል።

ከዚህ የሚብሰው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። በብዙ ሞተሮች፣ በቶዮታዎች ጭምር፣ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት አጭሩን መንገድ በሌላ ጫፉ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ዳገት ላይ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እንዲበርድ ተብሎ የተደረገው ነገር በከባዱ ሰዓት ያሞቀዋል ማለት ነው። ቴርሞስታት ወጥቶለት «የተሻለው» መኪና ካለም በአብዛኛው ራዲያተሩ በከፊል የተደፈነ ነው፤ ሕመሙ አልዳነም፣ ተሸፈነ እንጂ። አዲስ ቴርሞስታት በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ከርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ተገዝቶ ወደ ቦታው ይመለስ።

ምን ዓይነት ውሃ?

የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ማዕድን አለው። ሲሞቅ ማዕድኑ ከውሃው ተለይቶ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል፤ ያ ስስ ሽፋን ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል። ውሃው ውስጥ የሚሟሟው አየር ደግሞ ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል። ከራዲያተሩ የሚወጣ ውሃ ቀይ ከሆነ የሞተሩ ውስጥ እየተበላ ነው።

ኩላንት የሚደረገው ለዚህ ነው። አገራችን ላይ ውሃ በራዲያተር ውስጥ በረዶ ስለማይሆን ኩላንት ትርፍ ወጪ የሚመስለው ብዙ ነው። ግን ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የፓምፑን ማሸጊያ ያቆያል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ሲደባለቅ ያለ ግፊት እንኳ በባሕር ወለል ላይ ከ106 ዲግሪ በታች አይፈላም። ብቻውን ግን አይሞላም፤ ንጹሕ ኩላንት ሙቀት በመሸከም ከውሃ ያንሳል። የሚደባለቅበትም ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ውሃ ከባትሪ መሸጫ የሚገዛ ሰው አሲድ ያልገባበት መሆኑን ያረጋግጥ።

ቀለም ማመሳሰል ዋስትና አይሆንም። ሁለት አረንጓዴ ፈሳሾች የተለያየ ኬሚካል ሊኖራቸው ስለሚችል ጽሑፉ ይነበብ፣ የተለያዩትም አይደባለቁ። የድሮው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይቀየራል። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ ግን መርዝ ነው። የተቀየረው ኩላንት መሬት ላይ አይፈሰስ፤ ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ዱቄትም መንገድ ላይ ነፍስ ሊያድን ቢችል፣ የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ ስላልሆነ እንደ ጥገና አይቆጠርም።

መንገድ ላይ ሲገጥም

መርፌው ከተለመደው ቦታ መውጣት ሲጀምር ኤሲ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ የውስጥ ማሞቂያው ወደ ትኩስ ተደርጎ በሙሉ ኃይል ይነፋ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። በመጨናነቅ ውስጥ የቆመ መኪና ከማርሽ ወጥቶ ትንሽ ነዳጅ ቢሰጠው ፓምፑ ውሃውን ፈጠን አድርጎ ያዞራል።

መርፌው ቀዩን ከነካ፣ እንፋሎት ከታየ ወይም የባትሪ መብራት ከበራ ግን ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ኮፈኑ ይከፈት፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሣ ስለሚችል እጅና ልብስ ይራቁ። ክዳኑ አይነካ። ከውስጥ ያለው ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለና በግፊት የታፈነ ውሃ ነው፤ ክዳኑ እንደተከፈተ በከፊል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ደረት ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ከዚያ የላይኛው ማኒኮቶ በጨርቅ ይጨመቅ፤ ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። ሲለሰልስ ክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ይዙር፣ ትንፋሹ ይውጣ፣ ከዚያ ይከፈት።

የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ሆነ ባዶ ሆኖ በጋለ ሞተር ውስጥ በአንዴ መሙላት ብረቱን ይሰነጥቃል። በቂ ጊዜ ከበረደ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ውሃው በቀጭኑ ይጨመር። ከሞላ በኋላ እንደገና ከጎደለ ወይም ቺንጋው ከሌለ መኪናው ይጎተት። የመጎተቻ ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ከአሁን በፊት ካሰብነው በላይ እንዲያገለግሉን እንፈልጋለን። ብዙ ሞተሮች የሚሞቱት በአንድ ቀን ሙቀት ነው፤ ያ ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ሲያስጠነቅቅ የቆየ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ የውሃውን መጠንና ቀለም ተመልከት፤ ማኒኮቶዎቹንና ቺንጋውን በእጅህ ዳስስ። ረጅም ዳገት ከመጀመርህ በፊትም እንዲሁ አድርግ። ሞተርህ ከሞቀ ደግሞ መካኒክህን «ምን ልቀይር?» ብለህ አትጠይቀው። መቼ እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚበርድ፣ ውሃው በስንት ቀን እንደሚጎድል ንገረውና ከዚያ የጠረጠረውን ዕቃ መርምሮ እንዲያሳይህ ጠይቀው። መርምሮ የሚያሳይህ ከሆነ ያዘው፤ ሳይመረምር ዕቃ የሚያስገዛህ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ፈልግ።